ከፕላን ወደ ማሳ፦ የድህነት ቅነሳ ዕቅዶች ፖለቲካና ውጤት በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወለጋ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አቋርጦ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባኮ ይደርሳል። ከጎዳናው ግራና ቀኝ ያለው አገር በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ፣ ወደ ባኮ ዝቅ ሲባል ደግሞ በቆሎና ኑግ የሚያበቅል ነው። የጊንጪ መረሬ መሬት በክረምት ውሃ እየቋጠረ ገበሬውን ቢያስቸግርም፣ ዝናቡ ከብዙ የሀገራችን ክፍሎች ይልቅ የታመነ በመሆኑ አገሩ ለሌላው እህል የሚላክበት እንጂ እህል የሚላክለት ሆኖ አልኖረም። በዚህም ምክንያት ስለ ድህነት በሀገር አቀፍ ደረጃ በተጻፈ ቁጥር ወሎ፣ ትግራይና ሐረርጌ ሲነሡ ምዕራብ ሸዋ እምብዛም አይጠቀስም። በዕቅድ አውጪዎች መዝገብ «ትርፍ አምራች» ተብሎ የተጻፈ አውራጃ ድሃ እንደሌለበት ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ በሦስት መንግሥታት የወጡት የልማት ዕቅዶች ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ በዚህ ጎዳና ላይ አልፈዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምርጥ ዘሩ የተዳቀለው እዚሁ ነው፤ ማዳበሪያው የተበተነው እዚሁ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት እዚሁ ነው። መጨረሻ ላይ ዕቅዱን በአደባባይ የተቃወሙትም የነዚሁ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ዕቅዶቹ ምን አስገኙ የሚለው ብቻ አይደለም። ውጤት ባስገኙበት ሥፍራ ተቃውሞ የተነሣባቸው ስለ ምን ነው የሚለውም አብሮ መመርመር ይኖርበታል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን

የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን ከ1950 እስከ 1954 ዓ.ም. የተሠራበት ሲሆን፣ ትኩረቱ በመንገድ፣ በመገናኛና በመሳሰሉት መሠረታዊ ሥራዎች ላይ ነበር። ሁለተኛው ወደ ኢንዱስትሪ አዘነበለ። ግብርና ተገቢው ቦታ የተሰጠው ከ1961 እስከ 1965 በተዘረጋው በሦስተኛው ፕላን ነው። በነዚህ ሰነዶች ውስጥ «እድገት» እና «ልማት» የሚሉት ቃላት እንጂ ድህነት ራሱን የቻለ ርእስ ሆኖ አልተነሣም። ገበሬው ድሃ የሆነው ሀገሪቱ ስላላደገች ነው፤ ሀገሪቱ ስታድግ እርሱም ያድጋል የሚል እምነት ነበርና፤ ድሃና ባለጸጋ በአንድ አጥቢያ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ መጠየቅ አላስፈለገም።

በዚያን ጊዜ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው አምቦ፣ በይፋ ስሟ ሀገረ ሕይወት፣ ለዚህ አስተሳሰብ መልካም ምሳሌ ናት። በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ከጅማውም ሆነ ከዓለማያው የቀደመ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የሚያርሰው ገበሬ ግን አብዛኛው ጭሰኛ ነበረ። መምህሩ ለተማሪው ያስተማረው የአዝመራ ማሻሻያ ዘዴ በጭሰኛው ማሳ ላይ ቢሠራ፣ የጭማሪው ምርት ከፊል የሚሄደው ለባለ መሬቱ ነው። ዕውቀቱ ከመሬቱ ሥሪት ጋር ሊታረቅ ባለመቻሉ የእርሻ ትምህርት ገበሬ ከማፍራት ይልቅ የመንግሥት ሠራተኛ ማፍሪያ ሆኖ ቆየ።

ይህ ቅራኔ ይበልጥ ጎልቶ የታየው በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. በአርሲ በተቋቋመው በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» በሚባለው፣ አካባቢ ነው። ካዱ ለአነስተኛ ገበሬ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር አቀረበ፤ ምርቱም አደገ። ምርቱ ማደጉን ያዩ ባለ መሬቶች ግን ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀል ያዙ። ለድሃው የታሰበው ፕሮግራም ድሃውን ከቀዬው ነቀለው ማለት ነው። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ለማስተካከል የተረቀቀው ሕግ በፓርላማ ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በፓርላማው የተቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ነበሩና። ቀጥሎ የመጣው፣ «ሚኒመም ፓኬጅ» እየተባለ የታወቀው ፕሮግራም የካዱን ሥራ በአነስተኛ ወጪ በብዙ አውራጃዎች ለማዳረስ የታሰበ ሲሆን፣ ክረምት ከበጋ በሚያስኬዱ መንገዶች ዳርና ዳር ላይ ተወሰነ። ከመንገዱ ርቆ የሚያርሰው ገበሬ በዕቅዱ አልታየም።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው የዚያ ዘመን ዕቅድ ግን የትምህርት ሴክተር ሪቪው ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ይህ ጥናት ጥቂቶች እስከ ላይኛው ደረጃ የሚማሩበትና ብዙኀኑ ጨርሶ የማይማርበት ሥርዓት እንዲለወጥ፣ ለሰፊው ሕዝብ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ ሐሳብ አቀረበ። በዛሬ ዓይን ሲታይ ጥናቱ ለገጠሩ ድሃ ያደላ ነበር። ሆኖም የተዘጋጀው በባለሙያዎች ክፍል ውስጥ፣ በዝግ በር ነው። ይዘቱ በወሬ ሲሰማ ወላጅ ልጄ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተፈረደበት ብሎ ተቆጣ፤ መምህሩም ደመወዙና ማዕረጉ ሳይጠየቅ የተወሰነበት መስሎ ታየው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ሪቪውን ለማንሣት ተገደደ። ከዚያ ወር ጀምሮ የሆነው ሁሉ የታወቀ ነው። ጥናቱ ጥሩ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም ቢቀጥል አይደንቅም። የማያከራክረው፣ የሚመለከታቸውን ሰዎች ሳይጠይቅ የተጻፈ ዕቅድ በይዘቱ ሳይሆን በአወጣጡ መውደቁ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከአርባ ዓመት በኋላ በአምቦ ጎዳና ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

መሬት ላራሹ፣ እህል ለማን?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ከወጡት ዕቅዶች ሁሉ የላቀ የድህነት ቅነሳ እርምጃ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ይህ ስም ባይሰጠውም። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው የይዞታ ጣሪያ 10 ሄክታር ሆነ፤ 800 ሄክታር ያህል መሬትን መሠረት ያደረጉ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ የተሰማሩት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን የገበሬ ማኅበራቱን በማደራጀት ተሳተፉ። ባለ መሬቱ በነበረበት በሜጫና በቱለማ አገር የአዋጁ ትርጉም ከሰሜኑ የርስት አገር ይልቅ ጥልቅ ነበር፤ የሰሜኑ ገበሬ ቀድሞም በርስቱ ላይ ነበርና።

ሆኖም መንግሥት ባለ መሬቱን ካስወገደ በኋላ በእህሉ ላይ የባለ መሬቱን ቦታ ራሱ ያዘ። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ እየጣለ፣ ከገበያው ባነሰ ቁርጥ ዋጋ እህል ይረከብ ጀመር። ዓላማው ለከተማ ነዋሪና ለሠራዊት ርካሽ ቀለብ ማቅረብ ነበር። ኮታው የከበደው በትርፍ አምራች አውራጃዎች ላይ በመሆኑ፣ ምርት ማሳደግ በምዕራብ ሸዋ ገበሬ ዘንድ ኮታን እንደ ማሳደግ ተቆጠረ። አዝመራው የከፋበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበትም ጊዜ ነበር። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ በስፋት የተካሄደው የመንደር ምሥረታና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግፊት ሲጨመርበት፣ መሬት ያገኘው ገበሬ በመሬቱ ላይ መወሰን አቃተው። በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ትላልቅ ግቦችን ቢዘረዝርም ለአነስተኛው ገበሬ ማሳ የተረፈው ጥቂት ነበር። የመንግሥት ፖሊሲ በ1982 ተለውጦ ኅብረት ሥራውን መተው ሲፈቀድ፣ ማኅበራቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው ከመቸኮሉ የተነሣ የጋራ በሬዎቹን ሲካፈል አዝመራ እንኳ አልጠበቀም።

የዚያን ዘመን መልካም ሥራ ሳያነሡ ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በመጀመሪያ በአምስት፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ በ1972 የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ በፊት በገጠር ትምህርት ቤት ያልተነገረ ቋንቋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ማየት ለአንድ የጊንጪ ወይም የጌዶ ሽማግሌ ምን ማለት እንደ ነበር በስታቲስቲክስ አይለካም። በዚሁ ዘመን በአምቦ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የዕፅዋት በሽታ ጥናት ላቦራቶሪ ተቋቋመ፤ በሙገርም የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

የባኮ በቆሎ

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የመጣው መንግሥት በግብርና ልማት የሚመራ የኢንዱስትሪ ልማት የሚል ስልት ነደፈ። የስልቱ መሠረታዊ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሕዝቡ በገጠር ስለሚኖር ድህነትም የሚቀነሰው በገጠር ነው፤ የአነስተኛው ገበሬ ምርት ሲያድግ ኢንዱስትሪው ጥሬ ዕቃም ገበያም ያገኛል የሚል ነበር። ለዚህ ሐሳብ እንደ ባኮ የሚስማማ ቦታ አልነበረም። የባኮ የምርምር ማዕከል ለረጅም ዓመታት በበቆሎ ላይ ያደረገው ጥናት በ1980ዎቹ አጋማሽ ፍሬ አፍርቶ ቢ.ኤች. 660 የተባለውን ዲቃላ ዘር ለገበሬ አበረከተ። ከአካባቢው ዘር እጅግ የበለጠ ምርት የሚሰጥ፣ ቁመቱ ረጅም፣ አገዳውም ለከብት መኖና ለአጥር የሚሆን ነበር።

በዚያው ጊዜ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት፣ በኖርማን ቦርሎግና በጂሚ ካርተር መሪነት፣ በግማሽ ሄክታር ማሳ ላይ ምርጥ ዘርን ከማዳበሪያ ጋር አጣምሮ ማሳየት ጀመረ። ውጤቱ መንግሥትን አስደስቶ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ዘዴው ሀገር አቀፍ የግብርና ማስፋፊያ ፕሮግራም ሆነ። ዘርና ማዳበሪያው በብድር ይሰጣል፤ ብድሩን ለባንክ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው የክልል መንግሥት ነው፤ ከገበሬው የሚሰበስበው ደግሞ የወረዳውና የቀበሌው አስተዳደር ነው። በ1989 ዓ.ም. በማዳበሪያ ላይ የነበረው የመንግሥት ድጎማ ሲነሣ፣ ዋጋው በሙሉ በገበሬው ትከሻ ላይ አረፈ።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ሥርዓት ልብ ማለት ያሻል። ግብር የሚሰበስበው፣ መሬት የሚያከፋፍለው፣ ማዳበሪያ የሚያድለው፣ ዕዳ የሚጠይቀውና በምርጫ ጊዜ ድምፅ የሚያሰባስበው አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው። ማዳበሪያ አልፈልግም ያለ ገበሬ ከልማት ሠራተኛው ጋር ብቻ አልተከራከረም፤ ከመንግሥት ጋር ተከራከረ። የልማት ሠራተኛውም በተራው የሚመዘነው ገበሬው ምን ያህል አተረፈ በሚለው ሳይሆን ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሠራጨ በሚለው ነበር። በኋላ ዘመን «ሞዴል አርሶ አደር» እና «አንድ ለአምስት» የተባሉት አደረጃጀቶች ሲመጡ ይኸው ሰንሰለት እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ ወረደ።

ምርቱ ግን መጣ። በ1992 እና በ1993 ዝናቡ መልካም ሆነ፤ በምዕራብ ሸዋና በወለጋ የበቆሎ አዝመራ እጅግ በረከተ። ዋጋው ተሰበረ። በ1994 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በቆሎ ከወትሮው ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዶ፣ በአንዳንድ ሥፍራ ምርቱን ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ ከሽያጩ የሚገኘውን ስለበለጠ እህሉ በማሳ ላይ ቀረ። ነጋዴው ጎተራ የለውም፤ መንግሥት ገዝቶ ለማከማቸት አልተዘጋጀም፤ የተራቡት ክልሎች ሩቅ ናቸው፤ ለርዳታ የሚመጣው ስንዴም በአብዛኛው ከውጭ ሀገር ነው። ዕዳው ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። ገበሬው በሬውን እየሸጠ የማዳበሪያ ዕዳ ከፈለ። በሚቀጥለው ክረምት በሬ የሌለው ገበሬ ማዳበሪያ አልወሰደም። በዚያው ዓመት ዝናቡ ከዳ፤ በ1995 ዓ.ም. የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተነገረ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከመትረፍረፍ ወደ ረሃብ መሻገራችን የተፈጥሮ ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም። ምርትን ብቻ ያሰበ፣ ገበያን ያላሰበ ዕቅድ በመልካም ዝናብም ጊዜ ድሃውን ሊጎዳ እንደሚችል ባኮ አስመስክራለች። ከዚህ ትምህርት የተነሣ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቋመ፤ ሲታሰብ ለእህል ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን የቡናና የሰሊጥ መገበያያ ሆነ፤ በቆሎው ወደ ቀድሞው ነጋዴ መዳፍ ተመለሰ።

ሰነዱና ጎረቤቶቹ

የሚያስገርመው፣ «ድህነት ቅነሳ» የሚለው ቃል በሀገራችን ዋና የልማት ዕቅድ ርእስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈረው በዚሁ ወቅት፣ በሐምሌ 1994 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የዘላቂ ልማትና ድህነት ቅነሳ ፕሮግራም ከ1995 እስከ 1997 ሲሠራበት፣ ከ1998 እስከ 2002 ድህነትን ለማስወገድ የተፋጠነና ዘላቂ የልማት ዕቅድ ተተካ፤ ከ2003 እስከ 2007 እና ከ2008 እስከ 2012 ደግሞ ሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች ተከታተሉ። ድህነት የሚለው ቃል ከርእሱ ላይ የቆየው ስምንት ዓመት ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውላል።

ቃሉ የመጣው ከሀገር ቤት ብቻ አልነበረም። የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ1992 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ፣ የዕዳ ስረዛ የሚፈልግ ድሃ ሀገር የድህነት ቅነሳ ስልት ጽፎ ማቅረብ ነበረበት። ኢትዮጵያ ይህን ፈጽማ በ1996 ዓ.ም. የዕዳ ስረዛውን አገኘች። በደቡባዊ አፍሪካም ዛምቢያ፣ ማላዊና ሞዛምቢክ ያንኑ ዓይነት ሰነድ አዘጋጅተዋል፤ ሰነዶቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ጥያቄው ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ነበርና። ሁሉም ሕዝብ መክሮበታል ይላሉ፤ ሁሉም ትምህርት፣ ጤና፣ መንገድና እርሻ ብለው ይዘረዝራሉ።

የማላዊ ታሪክ ከባኮው ጋር ቢነጻጸር ይጠቅማል። ማላዊ የመጠባበቂያ በቆሎዋን ሸጣ በጨረሰችበት ጊዜ አዝመራዋ ከፋ፤ በ1994 ዓ.ም. ሕዝቧ ተራበ፤ የድህነት ቅነሳ ሰነዷም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ መንግሥት የለጋሾችን ምክር ወደ ጎን ትቶ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለአነስተኛ ገበሬ ማዳበሪያና ዘር በድጎማ ማደል ያዘ። ምርቷ ጨምሮ በ1999 ለጎረቤት እስከ መሸጥ ደረሰች። ድጎማው በጀቷን ክፉኛ መጫኑ ኋላ ታይቷል፤ ሆኖም ውሳኔው በምርጫ ከገበሬው ድምፅ በሚጠይቅ መሪ የተወሰነ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ልምድ ተቃራኒው ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የአፓርታይድን ውርስ ለመሻር ሰፊ ምክክር የተደረገበት የመልሶ ግንባታና ልማት ፕሮግራም ወጣ፤ በ1988 ግን ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር ሳይመከር በጥቂት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የተረቀቀ ፖሊሲ ተተካበት፤ ማኅበራቱም አጥብቀው ተቃወሙ። የሴክተር ሪቪውን ታሪክ ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ መምህር ይህ እንግዳ አይሆንም።

በኛ ሀገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በመጀመሪያው ዙር ወደ 5 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች በሥራ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ሰጥቷል፤ በአፍሪካም ከታላላቆቹ አንዱ ነው። የተመረጡት ግን የምግብ እጥረት በየዓመቱ የሚደርስባቸው ወረዳዎች በመሆናቸው፣ ምዕራብ ሸዋ በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ነበር። መሬት የሌለው የጌዶ ጎልማሳ በትርፍ አምራች አገር በመወለዱ ድሃነቱ አልተመዘገበለትም።

ቁጥሩና ከተማው

የመንግሥት ስታቲስቲክስ የሚያሳየው ለውጥ ቀላል አይደለም። ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ የሚያስገኝ ምግብንና ሌሎች መሠረታዊ ፍላጎቶችን መነሻ ባደረገው ሀገራዊ መለኪያ መሠረት፣ ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ፣ በ1992 ዓ.ም. 44.2፣ በ1997 ዓ.ም. 38.7፣ በ2003 ዓ.ም. 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ነበር። ይህ በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቅነሳ ነው። የዓለም ባንክ በ2007 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት ለቅነሳው ዋናው ምክንያት የግብርና ዕድገት መሆኑን፣ ዕድገቱም ድሃውን የጠቀመው ዝናብና ዋጋ ሲቃኑ፣ ገበያም በቀረበ ጊዜ መሆኑን ገልጿል። በጎዳናው ዳር ለሚኖር የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ይህ እውነት ነው፤ የቆርቆሮ ቤቱና የልጆቹ ጫማ ይመሰክራሉ።

የከተማው ቁጥር ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ገጠሩ በዝግታ ሲሻሻል፣ በከተማ ያለው ድህነት በ1988 ከነበረበት 33.2 በመቶ በ1992 ወደ 36.9 ከፍ ብሏል፤ በ1997ም 35.1 ነበር። በከተማ ያለው የገቢ ልዩነት መለኪያም በዚያው ጊዜ ከ0.34 ወደ 0.44 ዘልሏል። በግብርና የሚመራው ስልት ለከተማ ድሃ የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም። ከ1997ቱ ምርጫ ውዝግብ በኋላ መንግሥት ፊቱን ወደ ከተማ አዙሮ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን፣ የኮብልስቶን ሥራንና የጋራ መኖሪያ ቤቶችን አስፋፋ፤ አኀዙም በ2003 ወደ 25.7፣ በ2008 ወደ 14.8 ወረደ። ነገር ግን ይህም ቢሆን ዋና ከተማዋንና ታላላቆቹን ያስቀደመ ነበር። የከተማ ሴፍቲኔት በመጀመሪያ ዙር ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች መካከል አምቦ አልነበረችም።

ትምህርት ቤቱና ካርታው

በትምህርት በኩል የተገኘው ውጤት ከሁሉ ይበልጣል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱት ሕፃናት ከሦስት አንዱ ያህል ብቻ ነበር የሚማረው፤ በ1999 ዓ.ም. ጥቅል ተሳትፎው ከ90 በመቶ በላይ ደረሰ። በኦሮሚያ ልጆች በአፋን ኦሮሞ ተማሩ። የአምቦው የእርሻ ትምህርት ቤት በ2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወደ ትምህርት ገበታ ማምጣት በየትኛውም ሚዛን ታላቅ ሥራ ነው፤ የጥራቱ ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ሆኖ። ሆኖም ዕቅዱ ተማሪውን እስከ አሥረኛ ክፍል ወይም እስከ ዲግሪ ካደረሰ በኋላ ወዴት እንደሚልከው በበቂ አላሰበበትም። አባቱ ለአምስት ልጆች የማይበቃ ማሳ አለው፤ ማሳውን ማከፋፈል አይቻልም፤ ፋብሪካው ጥቂት ነው። ለዚህ ወጣት የቀረው ተስፋ፣ ከተማ ሲሰፋ የአባቱ መሬት ዋጋ ያወጣል የሚል ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚገኘው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ወሬ ሲሰማ የተነካው ይህ ተስፋ ነው። በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም የሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው የዓመት አማካይ ገቢው አሥር ጊዜ ተባዝቶ ነው። ያው መሬት ወደ ከተማ ከተካለለ በኋላ በሊዝ ሲጫረት ከካሳው ጋር በማይነጻጸር ዋጋ ይሸጥ ነበር። በሆለታና በአዲስ ዓለም አካባቢ ለአበባ እርሻና ለልዩ ልዩ ኢንቨስትመንት መሬት ሲወሰድ ያየ የአምቦ ተማሪ፣ ከተማው በማስተር ፕላኑ ካርታ ውስጥ ባይገባም ካርታው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ መሰለው።

በሚያዝያ 2006 በአምቦ የተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት የጠፋበት ሲሆን፣ በሟቾች ቁጥር ላይ መንግሥትና ሌሎች ወገኖች አልተስማሙም። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ በተዘጋጀ የደንና የኳስ ሜዳ መሬት ምክንያት ተማሪዎች ወጡ፤ ተቃውሞው በሳምንታት ውስጥ በመላ ኦሮሚያ ተዛመተ። በጥር 2008 ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ማስተር ፕላኑ መቅረቱን አስታወቀ። ይህ ሲሆን ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነበር፤ ድህነት 23.5 በመቶ መድረሱን ያሳየው ጥናትም የተካሄደው በዚያው ዓመት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የመንግሥት መሪ ተለወጠ።

ማስተር ፕላኑን ያዘጋጁት ባለሙያዎች መልካም መሐንዲሶች እንደ ነበሩ አንጠራጠርም፤ እንደ ሴክተር ሪቪው አዘጋጆች ሁሉ። የከተማና የገጠር ቅንጅት በራሱ ክፉ ሐሳብ አይደለም። የጊንጪ ገበሬ ግን ስለ ቅንጅቱ የሰማው ከልጁ ነው፤ ልጁም የሰማው ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ነው፤ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የሰማ አልነበረም። በ1994 «ምክክር» ተብሎ በየወረዳው የተካሄደው ስብሰባም ሰነዱን ለማሳወቅ እንጂ የመሬትን ጉዳይ ለመጠየቅ አልነበረም። የካሳው ሕግ የተለወጠው ከተቃውሞው በኋላ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ቁጥር 1161 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ስሌቱን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎ፣ ከአማካይ ገቢ ይልቅ የተሻለውን ዓመት መነሻ እንዲሆን ደንግጓል። ድሃውን የጠቀመ የፖሊሲ ማሻሻያ ከዕቅድ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከጎዳና የመጣበት ግልጽ ምሳሌ ይህ ነው፤ የተከፈለበት ዋጋ ግን ከባድ ነበር።

ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የተዘረጋው የአሥር ዓመት መሪ የልማት ዕቅድ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የወረርሽኝ፣ የጦርነትና በምዕራብ ኦሮሚያ ያለው የጸጥታ ችግር ስለተደራረበ፣ ስለ ውጤቱ ዛሬ ብያኔ መስጠት ችኮላ ይሆናል።

በበኩላችን ለምዕራብ ሸዋ መምህራን አንድ ሥራ እንጠቁማለን። የባኮ ማዕከል በ2003 ዓ.ም. ቢ.ኤች. 661 የተባለውን የተሻለ ዲቃላ አውጥቶ ቢ.ኤች. 660ን መተካት ጀምሯል። ተማሪዎች በየቤታቸው ያለውን የማዳበሪያ ደረሰኝ አሰባስበው፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመግዛት በዚያ ዓመት ስንት ኩንታል በቆሎ መሸጥ እንዳስፈለገ ቢያሰሉ፣ ከ1989 ወዲህ ያለውን በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ይቻላል። ስሌቱ ከስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም። የ1994 ዓ.ም. ረድፍ ሲደርስ ግን አባቶች ራሳቸው ወደ ክፍሉ ተጠርተው ቢናገሩ ይሻላል፤ ብዙዎቹ የሸጡትን በሬ ስም ዛሬም አልረሱትም።